የሥጋ ሳምቡሳ፣ የቻይናዎች ጥቅልና የይፋት ማሾ

በዚህ ሳምንታዊ ገጽ ላይ ዘወትር የሚነበበው ስለ ሰሊጥና ስለ ቡና ገበያ፣ ስለ ጭነት ኪራይ፣ ስለ ባንክ ሰነድና ስለ ጉምሩክ ደንብ ስለሆነ፣ ዛሬ አንድ የነጋዴ ጸሐፊ ብቅ ብሎ ስለ ሳምቡሳና ቻይናዎች ስለሚወዱት የሥጋ ጥቅል አሳቡን ሲሰጥ አንዳንድ አንባቢ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ይሁን እንጂ ዱቄት አስመጪው፣ ዘይት አስመጪው፣ ጥራጥሬ ላኪው፣ ሽንኩርት ቸርቻሪውና ሥጋ ሻጩ ሁሉ በመጨረሻ የሚገናኙት በአንድ ሰሐን ላይ መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ ነገሩ ከንግድ መዝገብ ውጭ አይደለም። የወጥ ቤቱን ሙያ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ስለሚበልጡን በዚያ አልገባም። በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ያለን ነጋዴዎች ግን በእጃችን የሚያልፈውን ዕቃ ጥቅም እስከ መጨረሻው እንዳልመረመርን ስለሚታየኝ፣ ይህችን ጽፌአለሁ።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የጣርማ በርን ቍልቍለት ወርዶ ደብረ ሲናን ያለፈውን መንገደኛ የቆላው ሙቀት የሚቀበለው በዚያ ነው። ወደ ደሴ የሚሄደውና ከደሴ የሚመለሰው መኪና ሁሉ ስለሚያልፍባት ምግብ ቤቱና ሻይ ቤቱ ብዙ ነው፤ በሻይ ቤቶቹም መስታወት ውስጥ ከፓስቲውና ከቦምቦሊኖው አጠገብ ሳምቡሳ ተደርድሮ ይታያል። ይህን ሳምቡሳ እንደ ነጋዴ ፈትተን ብንመለከተው የሚከተለውን እናገኛለን። ዱቄቱ ከስንዴ ስለሆነ ከደጋ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ነው። የሚጠበስበት ዘይት በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል የገባ የፓልም ዘይት ነው። ውስጡ የገባው ምስር የደጋ እህል ነውና በጣርማ በር በኩል ቍልቍል ወርዶ መጥቷል። በሮቢ ወንዝ መስኖ የበቀለው ሽንኩርትና ቃሪያ ብቻ የአገሩ ተወላጅ ሆኖ ይገኛል። ምስሩን ያወረደው መኪና ሲመለስ ደግሞ ማሾ ጭኖ ይወጣል። ሁለቱም ጥራጥሬ፣ ሁለቱም የጭነት ኪራይ ከፋይ ሲሆኑ፣ አንዱ ለመበላት ይወርዳል፤ ሌላው በአገሩ ሳይቀመስ ይሄዳል።

ማሾ ለይፋት ምን እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። በሁለት ወር ወይም በሁለት ወር ተኩል የሚደርስ፣ ዝናብ ባነሰበት ዓመት እንኳ ገበሬውን ባዶ እጁን የማይሰደው እህል ነው። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ኤን-26 የተባለው ዘር «ራሳ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። በ2006 ዓ.ም. አረንጓዴ ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት ሲጀምር ከቡና፣ ከሰሊጥ፣ ከቦሎቄ፣ ከበቆሎና ከስንዴ ቀጥሎ ስድስተኛ ሆኖ ነው። ከዚያ ወዲህ በቀወትና በኤፍራታና ግድም ያለው ገበሬ ማሾን እንደ ጥሬ ገንዘብ ይመለከተዋል፤ እኛም ነጋዴዎቹ እንደዚሁ።

ነገር ግን የጥሬ ገንዘብ ጠባይ ያለው እህል በሰው እጅ ያለ በር ሲዘጋበት ምን እንደሚሆን አይተናል። ሕንድ የዓለም ትልቋ ማሾ አምራችና በላተኛ ስትሆን፣ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ከውጭ በሚገባው ማሾ ላይ የመጠን ገደብ አደረገች። እንደገና ከፍታ ቈይታ ደግሞ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ማሾን በነፃ ከሚገቡት ዕቃዎች መዝገብ አውጥታ ገደብ በተደረገባቸው ውስጥ አገባችው። ይህን ያደረገችው የራሷን ገበሬ ለመጠበቅ ነውና የምንወቅሳት አይደለንም። ዴልሂ ላይ የተፈረመ አንድ ወረቀት ግን ሸዋ ሮቢት ላይ የጆንያውን ዋጋ ሊያናጋ እንደሚችል ማወቅ ይገባናል። በቅርቡ ያለውም ችግር ከዚህ የከፋ ነበር፤ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሶ መንገዱ ተዘጋ። ያን ጊዜ መጋዘን ውስጥ ያለ ማሾ ሊሸጥም ሊጫንም አልተቻለም። ከዚያም በላይ የቆላው ሙቀትና ነቀዝ ወዳጆች ናቸው። ማሾን የሚበላው ነቀዝ ከማሳ ተከትሎ ገብቶ በጆንያ ውስጥ የሚራባ ስለሆነ፣ ጥቂት ወራት የዘገየ ጆንያ ሲፈታ የሚገኘው ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ፍሬና ብናኝ ነው። እኔ የመዝገብ ጸሐፊ ነኝና ጆንያው ሲገባና ሲወጣ የሚመዝነውን ሚዛን ልዩነት በየዓመቱ በቀይ ቀለም እጽፈዋለሁ።

እንግዲህ የቻይናዎቹ ጥቅል ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ጅያውዚ የሚሉት ምግብ ከስንዴ ዱቄትና ከውሃ በተቦካ፣ እጅግ ሳስቶ በተዳመጠ ክብ ሊጥ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ ከጎመን፣ ከሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተጠቅልሎ የሚሠራ ነው። በፈላ ውሃ ይቀቀላል፣ ወይም በእንፋሎት ይበስላል፣ አንዳንዴም በጥቂት ዘይት ከሥሩ ይጠበሳል። በሰሜን ቻይና በዘመን መለወጫቸው ዋዜማ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ እየጠቀለለ ያመሻል። እንደ አፈ ታሪካቸው ይህን ምግብ የፈጠረው በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነበረ ጃንግ ጆንግጂንግ የተባለ ሐኪም ነው፤ በብርድ ጆሮአቸው የተጎዳ ድኾችን አይቶ የበግ ሥጋና የሚያሞቅ ቅመም በሊጥ ጠቅልሎ፣ በጆሮ አምሳል ሠርቶ አበላቸው ይላሉ። ሐኪሙ በእውነት የነበረ፣ የሕክምናም መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው፤ የጆሮውን ነገር ግን እንደ ተረት መቀበል ይሻላል። በቱርፋን አጠገብ በአስታና መቃብሮች ውስጥ ደርቆ የተገኘው የ7ኛውና የ8ኛው መቶ ዓመት ጥቅል ግን ተረት አይደለም፤ የዛሬውን ይመስላል።

ሳምቡሳም የዚህ ምግብ ዘመድ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ስሙ ከፋርስ የመጣ ሲሆን፣ በ14ኛው መቶ ዓመት ኢብን ባጡጣ በዴልሂ ቤተ መንግሥት በስስ ሊጥ የተጠቀለለ የተከተፈ ሥጋ ሲቀርብ አይቶ ጽፎአል። ይኸው መንገደኛ በዘይላ ወደብ አልፎአል፤ ዘይላ ደግሞ በዚያ ዘመን የይፋት ንግድ በር ነበረች። ሳምቡሳ ወደ እኛ ቆላ በየትኛው ግመል ላይ ተጭኖ እንደ መጣ የሚናገር መዝገብ ባይኖረኝም፣ የይፋት ሰው የሩቅ አገር ዕቃ ተቀብሎ የራሱ ማድረግን ዛሬ የጀመረው አይደለም።

አሁን ወደ ሰሐኑ ጥቅም እንግባ። በሥጋ የተሞላ ጥቅል የሚመሰገነው በአንድ ጉርሻ ሦስት ነገር ስለሚሰጥ ነው፤ ከሊጡ ኀይል ሰጪ፣ ከሥጋው ገንቢ፣ ከአትክልቱም በሽታ ተከላካይ ምግብ ይገኝበታል። ሥጋ ጥራጥሬ የማይሰጠው አንድ ነገር አለው፤ ቢ-12 የተባለው ቪታሚን ከእንስሳ ውጤት በቀር አይገኝም። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረትም ከእህል ብረት ይልቅ ለሰውነት በቀላሉ ይዋሐዳል። ስለዚህ ሥጋ አያስፈልግም የሚል ክርክር አላነሣም። የምለው፣ ብዙ ሥጋ አያስፈልግም ነው። የስንዴ ፕሮቲን ላይሲን የተባለው ክፍል ይጐድለዋል፤ የማሾ ፕሮቲን ግን በላይሲን የበለጸገ ሆኖ ሜቲዮኒን የተባለው ያንሰዋል። ሁለቱ በአንድ ጥቅል ሲገናኙ የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሞላል። ጥቂት ሥጋ ሲጨመርበት ደግሞ በማሾው ውስጥ ያለው ብረት ራሱ ከወትሮው ይልቅ ለሰውነት ይቀናል።

ነጋዴ ያለ ቍጥር አያምንምና ቍጥሩን ላስቀምጥ። 100 ግራም ደረቅ ማሾ ወደ 24 ግራም ፕሮቲን፣ 16 ግራም ያህል አሠር፣ ከ6 ሚሊግራም በላይ ብረት አለው፤ ያልበሰለ ቀይ ሥጋ በዚሁ ክብደት 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ይህ ማለት ማሾ ከሥጋ ይበልጣል ማለት አይደለም። ማሾው ሲቀቀል ውሃ ጠጥቶ ይከብዳልና የተቀቀለው 100 ግራም 7 ግራም ያህል ብቻ ይይዛል፤ የተቀቀለ ምስር እንኳ 9 ግራም ስለሚደርስ በጥቂቱ ይበልጠዋል። ሚዛኑን ሳያጭበረብሩ መናገር ይገባል። ነገር ግን 100 ግራም የተቀቀለ ማሾ ፎሌት ከተባለው፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴት ከሚያስፈልገው ቪታሚን፣ አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከሚሻው 400 ማይክሮግራም ውስጥ 160 ያህሉን ይሰጣል። አሁን 100 ግራም ዱቄት፣ 60 ግራም ደረቅ ማሾና 50 ግራም ቀይ ሥጋ ወስደን ብንጠቀልል፣ ከዱቄቱ 10፣ ከማሾው 14፣ ከሥጋው 10፣ በጠቅላላው 34 ግራም ፕሮቲን ይገኛል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን የሚያስፈልገው 50 ግራም ያህል ነውና፣ በአንድ ማዕድ ሁለት ሦስተኛውን አገኘ ማለት ነው። የሥጋውን ዋጋ የሚያውቅ ሁሉ 50 ግራም ምን ያህል እንደምትሆን ይገምት፤ በመንገድ ዳር ጥብስ ቤት አንድ ሰው ለቅምሻ የሚጎርሳት ናት።

ስለ ዘይቱም ነገር ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ኀይል ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስታርች 4 ብቻ ይሰጣል። ሳምቡሳ በዘይት ውስጥ ሰምጦ ሲጠበስ ሊጡ ዘይቱን ይጠጣል፤ 10 ግራም ዘይት የጠጣ ሳምቡሳ 90 ካሎሪ ያለ ፕሮቲን ተጨመረበት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ለዋለ ሰው ይህ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ሱቅ ውስጥ ተቀምጠን ለምንውል ለእኛ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወገባችንን አይቶ የሚመሰክር አይታጣም። ያው ዘይት ጠዋትና ማታ እየተደጋገመ ሲቃጠልማ ለማንም አይበጅም። ከጤናው ሌላ ደግሞ ዘይቱ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ማሾ ልከን ያገኘነውን ዶላር መልሰን የፓልም ዘይት እንገዛበታለን፤ በዚያም ዘይት ከደጋ የወረደ ምስር እንጠብስበታለን። በውሃ የተቀቀለ ወይም በእንፋሎት የበሰለ ጥቅል ይህን ወጪ አይጠይቅም። የእንፋሎቱ ሙያ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ ኅብስት በእንፋሎት ይበስላል፣ በደቡብም ኩርኩፋ የሚባለው የሊጥ ድብልብል ከጎመን ወይም ከሽፈራው ቅጠል ጋር ይቀቀላል። ከቻይናዎቹ ትምህርት መውሰድ የሚገባን በአኩሪ አተር መረቃቸው ላይ አይደለም፤ እርሱ ጨው ይበዛበታል። ሚጥሚጣና ሎሚ ይበቃል።

የጾሙ ነገር በተለይ ለቸርቻሪውና ለሻይ ቤቱ ትልቅ ሒሳብ ነው። የክርስቲያኑ ጾም ቀናት በአንድነት ሲቈጠሩ የዓመቱን እኩሌታ ያህል ስለሚይዙ፣ የሥጋ ጥቅል ብቻ የሚሠራ ሰው ግማሹን ዓመት ምድጃውን ማቀዝቀዝ አለበት። በሌላ በኩል በረመዳን ማታ ሳምቡሳ የሌለበት የይፋት እስላም ቤት ጥቂት ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ቀን ገብተው፣ ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጀመሩ። በዚያ ወር በአንድ መንገድ ላይ ያለ ሻይ ቤት ቀን ለክርስቲያኑ በማሾ የተሞላውን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለእስላሙ ማሾና ሥጋ የተቀላቀለበትን ሊሸጥ ይችል ነበር። ሊጡ አንድ፣ ማሾው አንድ፣ ድስቱ ግን ለየብቻ መሆን አለበት፤ ደንበኛ የሚከበረው በዚህ ነው። እንደዚሁም የቻይና ጥቅል ሲባል የዐሣማ ሥጋ የሚታሰበው ሰው ይኖራልና፣ የሚሠራው በበሬ፣ በበግ ወይም በፍየል ሥጋ መሆኑን በግልጽ መጻፍ ተገቢ ነው። በቻይናም አገር እስላሞቹ በበግና በበሬ ሥጋ ይሠሩታል።

ባልደረቦቼ በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ነገር ሲያነሡ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው፣ ማሾ ዶላር የሚያመጣ እህል ስለሆነ አገር ውስጥ ከተበላ ዶላሩ ቀረ የሚል ነው። ይህ ክርክር ክብደት አለው። መልሴም እንዲህ ነው፤ ለውጭ ገበያ ማሾ ሲበጠርና ሲለቀም የተሰበረው፣ ያነሰውና መልኩ የደበዘዘው ተለይቶ ይወጣል። ይህ ለዐይን አልመች አለ እንጂ ለሆድ ጉድለት የለበትም፤ ቢከካ ከአንደኛው ደረጃ የሚለየው ሰው የለም። ዛሬ ይህ ተረፈ ምርት ከብት ለሚያደልብ ሰው በርካሽ ይሄዳል። ሻጋታ የነካውንና ነቀዝ የበላውን ግን ለይቶ መጣል ግዴታ ነው፤ እርሱን ለሰው መሸጥ ወንጀል ነው። ሁለተኛው ቃል፣ የእኛ ሰው ማሾ አይወድም፣ ሳምቡሳም ካልተንቋቋ አይበላም የሚል ነው። ስለ መንቋቋቱ ተስማምቻለሁ፤ በዘይት የተጠበሰውን ሳምቡሳ ማንም እንዲያስቀር አልጠይቅም፣ ምስሩን በማሾ መተካት ብቻ ይበቃል። ማሾውን ስለ መውደድ ግን በንፍሮና በወጥ መልክ የሚበላው ቤት በይፋት አለ፤ የሚያፍርበት ግን ይበዛል። ለገበያ የበቀለ እህል ከቤት ከተበላ የድኽነት ምልክት ይመስለዋል።

አሠራሩን ለሚሞክር ሁለት ነገር ልናገር። የማሾ ክክ እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ ረጅም መዘፍዘፍና ብዙ ማገዶ አይፈልግም፤ በጥቂት ጊዜ ይበስላል። ነገር ግን ሳይፈርስ፣ ገና ፍሬው እንደ ለሰለሰ ወጥቶ ውሃው በደንብ መጠንፈፍ አለበት፤ እርጥብ የሆነ እንደ ሆነ ሊጡን ይቀደዋል። ሁለተኛው የሥጋው ነገር ነው። የተፈጨ ሥጋ በቆላ ሙቀት ቶሎ ይበላሻልና ማለዳ ተፈጭቶ በዚያው ቀን መበላት አለበት። ተጠቅልሎ እስከ መካከሉ የበሰለ ሥጋ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ኮሶም ያስቀራል።

የቻይናን ገበያ በተመለከተም አንድ ቃል አለኝ። ከኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቻይና በዝቅተኛ የእድገት ደረጃ ላይ ካሉና ከእርስዋ ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ካላቸው አገሮች የሚመጣውን ዕቃ ሁሉ ከቀረጥ ነፃ አድርጋለች፤ ኢትዮጵያም ከነዚህ አንዷ ናት። ቻይናዎች ማሾን ያበቅሉታል፣ ይበሉታል፣ ከስታርቹም እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ቀጭን ፓስታ ይሠራሉ፤ ይህም ፓስታ ተከትፎ ሥጋ በሌለበት ጥቅላቸው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማሾ ላኪዎቻችን ከእነርሱ ጋር ሲነጋገሩ የጆንያ ዋጋ ብቻ ባይጠይቁ መልካም ነው። ስታርቹን የሚያወጣውና ፓስታውን የሚስበው መኪና ምን ያህል እንደሚያወጣ፣ በምን ያህል ኩንታል ሥራ እንደሚጀምር ጭምር ይጠይቁ። የቀረጥ ነፃነቱ ጥሬውንም የተሠራውንም እኩል የሚመለከት ሲሆን፣ ጥሬውን ብቻ መላክ የሩቁን ባለ መኪና ማበልጸግ ነው።

ከንግድ ምክር ቤታችንም የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከማሾ መበጠሪያዎች የሚወጣው ተረፈ ምርት ለሰው ምግብ የሚሆነውና የማይሆነው በምን እንዲለይ አንድ ገጽ ደንብ ቢያዘጋጅልን፣ ከጤና ቢሮና ከግብርና ባለሙያዎች ጋርም ተማክሮ ቢያወጣው ይበቃል። ያለ ደንብ የተጀመረ እንደ ሆነ አንድ ስስታም ነጋዴ ነቀዝ የበላውን ከክቶ ይሸጥና የሁላችንንም ስም ያጠፋል።

የምሠራበት መደብር ከሚመጣው አዝመራ ጀምሮ የተበጠረ የማሾ ክክ በ5 ኪሎና በ10 ኪሎ ከረጢት አዘጋጅቶ ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ሻይ ቤቶች፣ እንደዚሁም እሑድ በሚቆመው በሰንበቴ ገበያ ላይ ለማቅረብ አስቧል። ከሥሩ ውሃ የሚፈላበት፣ በላዩ ባለ ቀዳዳ ድስት ከመርካቶ ሦስት አስመጥተናል። እነዚህንም ለመሞከር ለሚፈቅዱ ባለ ሻይ ቤቶች ለአንድ ወር ያለ ኪራይ እንሰጣለን። ክኩ ከምስር ክክ ጋር በአንድ ቀን በአንድ ገበያ በስንት እንደ ተሸጠ፣ ስንት ኪሎም እንደ ተመለሰ፣ መዝገቡን ይዤ በዚሁ ገጽ ላይ እጽፋለሁ።